«ባዶ» የሚባለው ታንክ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስለሚከናወነው የሞተር ብስክሌት ነዳጅ ታንክ ጥገና

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የሙያ ጉባኤ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ መነጋገሪያ የሚሆነው ግድብ፣ ድልድይ ወይም ፋብሪካ ነው። አንድ ሰው በግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሞተር ብስክሌቱን የነዳጅ ታንክ በመዶሻ ማቃናቱ ግን የጉባኤ ርእስ የሚሆን አይመስልም። ይሁን እንጂ ሥራው የብረትን፣ የነዳጅንና የእሳትን ጠባይ ማወቅን የሚጠይቅ ነው፤ በዚህ ላይ የአንድ ጊዜ ስሕተት ዓይንን፣ እጅን፣ አልፎም ሕይወትን ያስከፍላል። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ትኩረት በዚህ ትንሽ በሚመስል ሥራ ላይ ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ሆነው አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ በፈቃድ ሲወስን፣ ሞተር ምን ያህል የዕለት እንጀራ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያስተዋለው ያን ጊዜ ነበር። በዙሪያው ከተሞች ሞተር ብስክሌት ከአስፋልቱ ርቆ የተሠራውን ሰፈር ከገበያው ያገናኛል፤ ዕቃ ያደርሳል፤ ሠራተኛን ከፋብሪካ በር ያወርዳል። የቆመ ሞተር የቆመ ገቢ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ታንኩ ሲያፈስ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ማስጠገንን ወይም በገዛ እጁ መጠገንን ይመርጣል።

ይህ ምርጫ የሚያሳፍር አይደለም። አገሪቱ የረጅም ጊዜ የጥገና ልማድ አላት። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያረጀ በርሜል ምድጃም ባልዲም ሆኖ ይወጣል። ላሜራ፣ ባትላሜራ፣ በጋራዥ ቋንቋ የነዳጅ ታንክ ማለት የሆነው ሰልባትዮም ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት ሆነው ሳለ፣ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያዊው ሠራተኛ መጠሪያዎች ናቸው። ጉድለቱ ያለው ከእጅ ጥበቡ ላይ ሳይሆን ከጥበቡ ጋር አብሮ መሄድ የነበረበት ዕውቀት ላይ ነው።

በቅድሚያ ታንኩ እንዴት እንደሚታመም መረዳት ይገባል። የሞተር ብስክሌት ታንክ ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊሜትር ከሚጠጋ ላሜራ ተጨምቆ የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለት ወገኑ በስፌት ተበይዶ በሻንሲው ቧንቧ ላይ እንደ ኮርቻ ይቀመጣል። የሦስቱ ከተሞች ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። በግማሽ ባዶ በሆነ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ከግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወርዶ ከታችኛው ስፌት ሥር ይተኛል፤ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ማደባለቂያ የተተከለው በሱሉልታ ነበር። ኢታኖል ውኃን የሚስብና አንዳንድ ማጣበቂያዎችን የሚያላላ በመሆኑ፣ ለታንክ የሚመረጠው መድፈኛ ነዳጅንም ኢታኖልንም የሚችል ሊሆን ይገባል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን የሚከተለው ነው። ባዶ የሚባለው ታንክ ባዶ አይደለም፤ እንዲያውም ከሞላው ታንክ ይልቅ አስፈሪው እርሱ ነው። ፈሳሽ ቤንዚን እንዳለ አይነድም፤ የሚነደው ትነቱ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። ትነቱ ከድብልቁ በመቶ ከ1.4 እስከ 7.6 ገደማ ሲሆን እሳት ቢነካው ይፈነዳል። የሞላው ታንክ የቀረችው ጥቂት ክፍተት በትነት ስለ ታፈነች ለመቀጣጠል የሚበቃ አየር የላትም። ከተቀዳ በኋላ ግን አየር ይገባል፤ ከግድግዳው ላይ የቀረው እርጥበትም ይተናል። በስሌት ሲታይ 12 ሊትር በሚይዝ ታንክ ውስጥ ከአንድ ሚሊሊትር ያነሰ ቤንዚን የመጀመሪያውን የፍንዳታ ወሰን ይሞላል። የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ቤንዚን ታንኩን ቦምብ ያደርገዋል ማለት ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚበቃው መጠን ይበልጥ ያንሳል። ብርዱም አያድንም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል።

ከዚህም ሌላ ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። ታንኩ በግቢው አንድ ጥግ ሲቀዳ፣ በሌላው ጥግ ለቡና የተቀጣጠለው ከሰል ሊያገኘው ይችላል። ስለሆነም በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «መዶሻው የት አለ?» ሳይሆን «በዚህ ግቢ እሳት የት አለ?» ብሎ ነው።

በየመንደሩ የሚነገሩት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ታንኩን በውኃ አንድ ጊዜ አለቅልቆ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ሌላው የሚሠራ ሞተር ጭስ በቱቦ ያስገባበታል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ትነትን ቢቀንስም፣ በዝገቱ ቅርፊትና በስፌቱ መካከል የተደበቀውን ቤንዚን አያወጣም። ታንኩ በቀዝቃዛነቱ ምንም ሳይሸት ይቆይና፣ የብየዳው እሳት ሲያሞቀው የተደበቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተናል። የሞተር ጭስም የቀረ ኦክሲጅንና ያልተቃጠለ ነዳጅ ሊይዝ ስለሚችል የሚታመን መከላከያ አይደለም። አፍንጫም ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ሽታ ውስጥ የዋለ አፍንጫ ይለምዳልና።

ታዲያ በቤት ውስጥ ምን መሥራት ይቻላል? እሳት የማይነካው ሥራ ሁሉ ይቻላል። ታንኩ ክፍት በሆነ ቦታ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ርቆ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀዳል። የቤንዚን መክፈቻውና የነዳጅ መለኪያው ይፈታሉ። በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል። በእነዚህ ከተሞች ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ከባዱን የቤንዚን ክፍል ለማስወጣት የፈላ ውኃ ብቻውን አይበቃም፤ ሳሙናና ድግግሞሽ የግድ ናቸው። የታጠበበትም ውኃ ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ወንዝ ሊደፋ አይገባም።

ዝገቱን ለማስለቀቅ አቼቶ ወይም የሎሚ አሲድ ይበቃል። ጥቂት ዳዶዎች ተጨምረው ታንኩ ሲናወጥ ቅርፊቱ ይለቃል። ዳዶዎቹ ተቆጥረው መግባትና ተቆጥረው መውጣት አለባቸው። አሲድ ብረትን ሲበላ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ክዳኑ ተከፍቶ ይቆያል። በመጨረሻም በሶዳ ውኃ ታጥቦ ፈጥኖ ካልደረቀ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋል። የመርፌ ቀዳዳ የሚያህለው ፍሳሽ ነዳጅ በሚችል ኢፖክሲ፣ እስከ ንጹሕ ብረቱ ከተፋቀ በኋላ፣ ያለ እሳት ይደፈናል። ስቱኮ ግን የመልክ እንጂ የፍሳሽ መድኃኒት አይደለም፤ በቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ስቱኮ በሽታውን ከቀለም ሥር ይደብቀዋል።

ጉድፉን የሚያቃና ሰው በአንድ ከባድ ምት ሳይሆን በብዙ ቀላል ምት፣ ከጉድፉ ጠርዝ ወደ መካከሉ ይሠራል። ብረቱ ከልክ በላይ ከተመታ ተለጥጦ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ወዲያና ወዲህ ይላል። ታንኩን ማስፋት ወይም ቅርጹን መለወጥ የሚሻ ደግሞ አስቀድሞ አራት ነገሮችን ይለካል፤ መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዞር ታንኩን እንዳይነካ፣ ታንኩ ከሻንሲው እንዳይፋተግ፣ የቤንዚን መክፈቻው ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ እንዲሆን፣ የክዳኑም የአየር ቀዳዳ እንዳይደፈን። የአየር ቀዳዳው የተደፈነበት ታንክ ቤንዚን እያለው ሞተሩን ያስጠማል።

ላሜራ መቁረጥና መበየድ ከቤት ሥራ ወሰን ያልፋል። የግራይንደር ብልጭታም ሆነ የመሰርሰሪያ ግለት ከእሳት የሚቆጠር ነው። ይህ ሥራ የሚገባው ታንኩን በእንፋሎት የሚያጸዳ፣ እንደ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ባለ የማያቃጥል ጋዝ የሚሞላ፣ ወይም ከሚበየደው ቦታ በቀር በሙሉ ውኃ የሚያስይዝ፣ ትነቱንም በመሣሪያ የሚለካ ባለሙያ እጅ ነው።

ከተጠገነ በኋላ ታንኩ በመጀመሪያ በውኃ ይፈተናል። በአየር የሚፈትን ሰው የሳሙና አረፋ ቀብቶ በብስክሌት መንፊያ ጥቂት ብቻ ይንፋ። የኮምፕሬሰር አየር አይገባበትም፤ የአንድ ባር ግፊት 20 በ30 ሴንቲሜትር በሆነ የታንክ ጎን ላይ ወደ 600 ኪሎግራም የሚጠጋ ጫና ያሳርፋልና።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል። በዚያ ዘመን ለባለ እጅ የሚገባው ክብር ከስድብ መጠበቅ ነበር። በዚህ ዘመን ግን ክብሩ ዕውቀትን ማካፈል ነው። የማኅበሩ አባላት በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱና በየፋብሪካው የሚያስተምሩትን የጋዝ ሕግ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በጎሚስታውና በበያጁ ደጃፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ ጽሑፍ ሊያደርሱት ይችላሉ። ትነት የሚለካውን አንድ መሣሪያ ብዙ በያጆች በጋራ እንዲገለገሉበት ማድረግም ከማኅበር ዐቅም በላይ አይደለም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለታንክ ጠጋኝ ቅጠሉ ሳሙናና ሙቅ ውኃ፣ ትዕግሥትና የእሳትን ወሰን ማወቅ ነው። አንድ ታንክ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የጠጋኙ ዓይንና እጅ ግን መለዋወጫ የላቸውም።