ጢስ የሌለው ፍም ሰውን ስለ ምን ይገድላል?



በደጋ አገር ብርድ የጸናበት ሌሊት ሲመጣ ሰው የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤቱ አግብቶ በሩን ዘግቶ ይተኛል። በማግሥቱ ጎረቤት ቢያንኳኳ መልስ ያጣል፤ በሩ ተሰብሮ ሲከፈት ባለቤቱ እንደ ተኛ ሞቶ ይገኛል። ጢስ አይታይም፤ ሽታ የለም፤ በሬሳው ላይ ቁስል አይገኝም፤ ፊቱም አንዳንድ ጊዜ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ ይታያል። ስለዚህ ነገሩን በክፉ መንፈስ ወይም በምግብ መርዝ የሚያመካኙ አይጠፉም፤ ንጹሕ ጎረቤትም በከንቱ ይታማል።

እንጨት ሲነድ የሚጤሰው በውስጡ ያለው እርጥበትና ዝፍት መሰል ቅባት ሳይቃጠል ስለሚወጣ ነው። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን በአፈር ሸፍኖ ሲያከስለው ይህ አብዛኛው በዚያው ተንኖ ይቀራል፤ የሚተርፈውም ካርቦን የሚባለው ጥቁር ነገር ነው። ከሰል የማይጤሰው ስለዚህ ነው እንጂ መርዝ ስለሌለው አይደለም። እንዲያውም የእንጨት ጢስ ዓይን እያስለቀሰ በር ያስከፍታል፤ ከሰል ግን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለውም።

በፍም ክምር ላይ ሰማያዊ ነበልባል ሲላወስ ያላየ ሰው የለም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አየር ከማንደጃው ሥር ገብቶ ከፍሙ ሲገናኝ በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ከካርቦኑ ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህም በጋለው ፍም መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ ሌላ ካርቦን ከኦክሲጅኑ እኩሌታውን ይነጥቀዋል፤ ሁለቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደሚባል አየር ይለወጣሉ። እርሱም ቀለምም ሽታም የለውም። ከላይ በቂ አየርና ሙቀት ካገኘ በሰማያዊ ነበልባል ይቃጠላል፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ ግን ሳይቃጠል በቤት ውስጥ ይሰራጫል። እንግዲህ ሰው «አሁን ጢሱ ጠፍቷል፤ ይግባ» የሚልበት ሰዓት ራሱ የአደጋ ሰዓት ነው።

የሰውን ደም የሚያቀላው ሄሞግሎቢን የሚባለው ነገር ሥራው ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለአካል ሁሉ ማድረስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በቅሎዎቹ ሁሉ ድንጋይ ተጭነው እህሉ በጎተራ እንደ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከ1000 እጅ አየር 1 እጁ ብቻ ይህ መርዝ ቢሆን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። መርዙ በደም ላይ እንዴት እንደሚሠራ ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ ቤርናር በ1857 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ገልጦታል። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሀልዴንም በ1890ዎቹ በገዛ ሰውነቱ ላይ ፈትኖታል፤ በከሰል ድንጋይ ጉድጓድ ፍንዳታ ከሞቱት ሠራተኞች ብዙዎቹን የገደለው እሳቱ ሳይሆን ይህ አየር መሆኑን በ1896 አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ሠራተኞች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ ትንፋሿ ፈጣን ስለሆነ ከሰው ቀድማ ትወድቃለችና። በብሪታንያ ይህ ልማድ እስከ 1986 ቆይቷል።

የመርዙ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው። የሚያሳዝነው ግን ሰውየው ነቅቶ በሩን ሊከፍት ቢያስብም ጉልበቱ ይከዳዋል። በቤቱ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ታመው ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው ነገሩን ከምግብ በፊት በማንደጃው መጠርጠር ይገባል።

በማንደጃው አጠገብ ውሃ ማኖር አይጠቅምም፤ ይህ አየር በውሃ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነውና። ዕጣን ማጤስም ሽታ ይጨምር እንደ ሆነ እንጂ መርዙን አያስወግድም። በሩን ገርበብ አድርጎ መተኛትም የሚታመን አይደለም። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ፤ አመድ ቢለብስም እንኳ ተመልሶ አይግባ። ተማሪዎች ሰማያዊውን ነበልባል እንዲያዩ የሚሻ መምህር በሜዳ ላይ ያሳያቸው።

አንድ ሰው ተመርዞ ቢገኝ ረዳቱ በሩን በርግዶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ፈጥኖ ወደ ውጭ ያውጣው፤ መተንፈስ ካቆመም ትንፋሽ ይስጠው። ንጹሕ አየር ሲተነፍስ ከመርዙ እኩሌታው ከደም የሚወጣው በ4 ወይም በ5 ሰዓት ነው፤ በሐኪም ቤት ኦክሲጅን ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ያህል ያጥራል። ስለዚህ ነቅቶ ቢናገርም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ነፍሰ ጡር ሴት ከሆነች ደግሞ እርሷ ደኅና ብትመስልም ፅንሱ ከእናቱ ይልቅ ሊጎዳ ስለሚችል ከሁሉ አስቀድሞ እርሷ ትወሰድ።