እንግዳ፣ ባለሟል፣ መያዣ፦ የጋፋት ሚሲዮናውያን ቤተሰቦች በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን

 

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ስለ መጡ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ብዙ ተጽፏል። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ያተኮሩት በሦስት ጉዳዮች ላይ ነው፤ በሃይማኖት ክርክሩ፣ በዲፕሎማሲው፣ በመድፉ። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው፣ ቤታቸውና ጎረቤቶቻቸው ግን በግርጌ ማስታወሻ ታልፈዋል። ዛሬ ያንን የግርጌ ማስታወሻ ወደ ገጹ መካከል ላመጣው እሞክራለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ባዕድ አገር የገባ ቤተሰብ «ተደላድሎ ኖረ» የሚባለው መቼ ነው? ለመደላደሉስ የሚከፍለው ዋጋ ምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ለመንደርደሪያ ሦስት ቃላት ከቋንቋችን ልዋስ። የመጀመሪያው «እንግዳ» ነው። እንግዳ መብት አለው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከበራል፤ ነገር ግን መሄጃው ይጠበቃል። ሁለተኛው «ባለሟል» ነው። ባለሟል ከጌታው ፊት ሞገስ ያገኘ፣ ገብቶ የሚወጣ፣ የሚሰማ ሰው ነው፤ ክብሩ ግን በጌታው ፈቃድ የቆመ ነው። ሦስተኛው «መያዣ» ነው። ለዕዳ የሚሰጥ ንብረትም፣ ለቃል ማጽኛ የሚቀር ሰውም በዚሁ ቃል ይጠራል። የጋፋት ቤተሰቦች ታሪክ በዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከመጀመሪያው ቃል ወደ ሦስተኛው የተደረገ ጉዞ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከእነርሱ በፊት የመጡትን በአጭሩ እናንሣ። ስዊሳዊው ሳሙኤል ጎባት በ1830 መጥቶ ከትግራይ እስከ ጎንደር ደረሰ፤ በሁለተኛ ጉዞው ባለቤቱን ማሪያ ዜለርን ይዞ ወደ ዐድዋ ቢመለስም ሕመም ስለ ጸናበት በ1836 አገሩን ለቆ ወጣ። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በአንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ከተቀመጠ በኋላ በ1842 ሮዚን ዲትሪኽን አገባ። ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገና ለመግባት ሲሞክሩ ሮዚን በሾሆ ምድረ በዳ ያለ ጊዜዋ ወለደች፤ ሕፃኗም ወዲያው አረፈች። ወላጆቿ የሰጧት ስም የአማርኛ ቃል ነበረ፦ «እንባ»። በ1844 ደግሞ ክራፕፍ በሞምባሳ ሮዚንንና ሌላ አራስ ልጁን በጥቂት ቀናት ልዩነት ቀበረ። በዚያ ትውልድ ለነበረ ሚሲዮናዊ ቤተሰብ ባዕድ አገርን ቤት ማድረግ ብዙ ጊዜ በመቃብር ይጀመር ነበር። የእንባ ስም ግን ሌላም ነገር ያሳየናል፤ እነዚህ ሰዎች ኀዘናቸውን እስከ መሰየም ድረስ ቋንቋችን ውስጥ ገብተው ነበር።

ጎባት በ1846 በኢየሩሳሌም ጳጳስ ከሆነ በኋላ ካለፈው ተምሮ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ሰባኪ ብቻ የሆነ ሰው በኢትዮጵያ እንደማይዘልቅ ተረድቷል፤ ስለዚህ በእጁ ሠርቶ የሚያድር፣ በኑሮው የሚሰብክ የእጅ ባለሙያ መላክ ይሻላል አለ። ለዚህም የተመቸው በባዝል አጠገብ ያለው የሳንክት ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። ይህን ተቋም በ1840 የመሠረተው ክርስቲያን ፍሪድሪኽ ሽፒትለር ሲሆን፣ ተማሪዎቹም በአብዛኛው ከገበሬና ከአንጥረኛ፣ ከአናጢና ከጫማ ሰፊ ቤተሰብ የወጡ ወጣቶች ነበሩ።

ክራፕፍና ወጣቱ ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1855 መንገዱን ሊያጠኑ መጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና በዚያው ዓመት ነበር የነገሡት። በተከታዩ ዓመት ፍላድ ከቤንደር፣ ከማየርና ከኪንዝለን ጋር፣ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ጭኖ ተመለሰ፤ ቴዎፊል ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለርም ቆይተው ተከተሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚፈልጉት ጥበብን እንጂ አዲስ ሃይማኖትን አልነበረም። በኦርቶዶክስ ምእመናን መካከል መስበክ አይፈቀድም ነበር፤ በኋላ በቤተ እስራኤል መካከል መስበክ ሲፈቀድም የሚያምኑት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ግዴታ ተጣለ። እንግዶቹ ይህን ሁኔታ ተቀብለው ተቀመጡ።

የመኖሪያቸው ስፍራ ከደብረ ታቦር ብዙ የማይርቀው ጋፋት ነበር። በዚያ ኮረብታ ላይ ቤት ሠሩ፣ አትክልት ተከሉ፣ የአገሩን ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ወሳኙ ነገር ግን ጋብቻው ይመስለኛል። ቫልድማየር በ1859 ሱሳን ቤልን አገባ። ሱሳን የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ልጅ ናት፤ አባቷ በንጉሡ ዘንድ የሊቀ መኳስነት ማዕርግ የነበረው ታማኝ ባለሟል ሲሆን በ1860 ለንጉሡ ሲዋጋ ሞተ፤ እናቷ ግን ኢትዮጵያዊት ነበረች። ዛልሙለርም እኅቷን አገባ። በዚህ ጋብቻ ሁለቱ ወጣቶች አማት፣ ዘመድ፣ ወገን አገኙ። በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ጠያቂም ዋስም የለውምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግድነታቸው ያን ጊዜ አበቃ።

ባለሟልነታቸውም ከዚሁ ጋር አብሮ አደገ። ንጉሡ ጋፋት ድረስ እየመጡ ሥራቸውን ይጎበኙ፣ ገንዘብና በቅሎ ይሸልሟቸው፣ እንደ ልጆቻቸውም ይቈጥሯቸው ነበር። በመጀመሪያ የመንገድ ሥራ ተሰጣቸው፤ ቀጥሎ ሠረገላ፤ በመጨረሻም መድፍ። መድፍ ማቅለጥ እንደማያውቁ ቢናገሩ ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ እንደ ገና ሞክረው ተሳካላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በአገራችን የብረትና የሸክላ ሥራ «ጠይብ» ተብሎ የሚናቅ፣ ሠሪውም በቡዳነት የሚጠረጠር ነበር፤ ይህን ንቀት ከሁሉ በላይ የተሸከሙት ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከአውሮፓ የመጣው ብረት ቀጥቃጭ በቅሎ ሲሸለም የአገሩ ብረት ቀጥቃጭ ከጎረቤቱ ማዕድ ይከለከል ነበር። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩ የተለያየው በሠሪው ማንነት ነው። ይህን ልዩነት ሳያዩ ስለ ጋፋት «የቴክኖሎጂ ሽግግር» መጻፍ ግማሽ ታሪክ መጻፍ ነው እላለሁ።

የፍላድ ቤተሰብ ሌላ መንገድ ያዘ። ፍላድ በኢየሩሳሌም በሕሙማን አገልግሎት ላይ የነበረችውን ፓውሊነ ኬለርን አግብቶ በደምብያ፣ በጄንዳ፣ በቤተ እስራኤል መካከል ተቀመጠ። ጋፋቶች በመዶሻ ሲኖሩ እነርሱ በትምህርትና በመድኃኒት ለመኖር ሞከሩ። በቤታቸው ካደጉት ልጆች አንዱ ሚካኤል አረጋዊ የተባለ ቤተ እስራኤላዊ ነበር፤ በኋላ በሳንክት ክሪሾና ተምሮ ተመለሰና በአገሩ ለረጅም ዘመን የሚሲዮኑ መሪ ሆነ። ይህ ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። አንድ ልጅ ፊደልና ሰፊ ዓለም አገኘ፤ አንድ ማኅበረሰብ ደግሞ ልጁን አጣ። የዚያ ዘመን የቤተ እስራኤል ካህናት ሚሲዮኑን አጥብቀው የተቃወሙት ይህን ሁለተኛውን ገጽ ስላዩ ነው። እኛም ሁለቱን ገጾች አብረን ማንበብ አለብን።

ከ1863 ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ በመጽሐፉ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ አትሞ ነበርና ታሰረ፤ ባልደረባው ሮዘንታል፣ ቀጥሎም ቆንስሉ ካሜሮን ታሰሩ። የጋፋት ሰዎች እጃቸው ስለሚያስፈልግ በሰንሰለት አልታሰሩም፤ ነገር ግን ነፃ አልነበሩም። ሚስትና ልጆች ይዞ፣ በንጉሡ ፈቃድ ካልሆነ በማይተላለፉበት መንገድ፣ ወዴት ይኬዳል?

«መያዣ» የሚለው ቃል በሙሉ ትርጉሙ የሚመጣው በ1866 ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲላኩላቸው ለመጠየቅ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ፓውሊነና ልጆቿ ግን ቀሩ። ፍላድ ለንደን ደረሰ፣ ከንግሥቲቱም ጋር ተገናኘ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹን ምጽዋ ድረስ ቢያመጣም እስረኞቹ ሳይፈቱ አላሳልፍም አለ። ስለዚህ ፍላድ በ1867 የተመለሰው ንጉሡን የማያስደስት መልስ ይዞ ነው። መመለሱ ወደ እስር መግባት መሆኑን ያውቅ ነበር። ተመለሰ።

ብዙዎች ይህን የፍላድን ጀግንነት አድርገው ይጽፉታል፤ ጀግንነቱን አልክድም። ነገር ግን መልእክቱ የተፈጸመው በሁለት ሰዎች ነው። አንዱ በመርከብና በባቡር ሄዶ ከንግሥት ጋር ተነጋገረ፤ ሌላዋ በደብረ ታቦር አካባቢ፣ የንጉሡ ቁጣ በየቀኑ በሚለዋወጥበት ወቅት፣ ልጆች እያሳደገች አንድ ዓመት ያህል ጠበቀች። የፍላድ ቃል የታመነው ፓውሊነ ስለ ተያዘች ነው። የዲፕሎማሲ ታሪካችን የመጀመሪያውን መዝግቦ ሁለተኛውን ሲተው ሂሳቡ ይጎድላል።

በዚያው ዓመት በጋፋት ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል ቀለጠ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ይህን ብረት ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለወራት ጎተተው፤ ሠሪዎቹም ከነቤተሰቦቻቸው አብረው ተጓዙ። የጋፋት ቤትና አትክልት ከኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፦ ሚያዝያ 10 ቀን 1868 የእሮጌ ውጊያ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የመቅደላ መያዝና የንጉሠ ነገሥቱ ሞት። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ፤ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው።

አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። የታሪክ መጻሕፍት ለዚህ ቀን «ነፃ መውጣት» የሚል ስም ሰጥተውታል። እኔ ግን ከሱሳን ቤል ወገን ሆኜ ላየው እወዳለሁ። ቫልድማየር ወደሚያውቀው ዓለም ተመለሰ፤ እርሷ ግን የተወለደችበትን አገርና የእናቷን ወገን ትታ ወጣች። ቤተሰቡ በመጨረሻ የሠፈረው በሊባኖስ ነው። በዚያ ቫልድማየር በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በኋላም በቤይሩት አጠገብ የአስፉሪየ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልን መሠረተ፤ ስሙም በመካከለኛው ምሥራቅ የሕክምና ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። በዚህ ጋብቻ ውስጥ ግን አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋ፣ ዘመድ አልባ ኑሮ የጀመረችው በ1868 ኢትዮጵያዊቷ ሚስት ነበረች። እርሷን «የሚሲዮናዊ ሚስት» ብለን ብቻ ስናልፋት ስደቷን እንሰርዛለን።

ብቻዋንም አልነበረችም። በጋፋት መድፍ ካቀለጡት አንዱ የሆነው ሞሪትስ ሃል ካታሪና የተባለችውን፣ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤዱዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ አግብቶ ነበር፤ እነርሱም በያፋ ሠፈሩ። በመቅደላ ዘመቻ ሰሞን የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና ተባለች። ታዋቂው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ የእርሷ የልጅ ልጅ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ከኢትዮጵያ ውጭ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥም ተቀምጧል።

ለተማሪዎቼ ስለ ምንጮች ጥቂት ልናገር። ፍላድም ቫልድማየርም ትዝታቸውን በ1869 አሳትመዋል። ሁለቱም የጻፉት በአውሮፓ ላሉ የሚሲዮን ደጋፊዎች ነው፤ ስለዚህ ጸሎትና መከራ ይበዛል፣ የዕለት ኑሮ ያንሳል። እንጀራ የጋገረችው፣ ውሃ የቀዳችው፣ ልጅ ያዘለችው ሴት ስም የላትም። እነዚህን መጻሕፍት ስታነቡ በእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ሥራ በእጁ የሠራው ማን ነው? ጸሐፊው የሚናገረውን አማርኛ ያስተማረው ማን ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ መካከል ይገኛል፤ በማይገኝበት ጊዜም ዝምታው ራሱ ማስረጃ ነው።

ላጠቃልል። በሕዝባዊ ክርክራችን ውስጥ ስለ እነዚህ ሰዎች ሁለት ሥዕሎች አሉ። አንዱ የውጭ ኃይል መንገድ ጠራጊዎች ያደርጋቸዋል፤ ሌላው እንከን የለሽ ሰማዕታት። ቤታቸውን ጠጋ ብሎ ላየ ሁለቱም አይበቁም። ሰላምን ሊሰብኩ መጥተው የዘመኑን ታላቅ መድፍ አቀለጡ፤ ይህን ያደረጉት ቤት ስለ ነበራቸው፣ የቤታቸውም ደኅንነት በንጉሡ ፊት ባላቸው ጠቀሜታ ላይ ስለ ተንጠለጠለ ነው። ንጉሡም በበኩላቸው አገራቸውን ለማዘመን የነበራቸው እውነተኛ ጉጉት የሰው ሚስትና ልጅ እስከ መያዝ አደረሳቸው። አንዱን ወገን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ አስተማሪው ግን ባለሟልነት እንዴት በዝግታ ወደ መያዣነት እንደሚለወጥ ማየት ነው።

ይህ ያለፈ ዘመን ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ዛሬ የእኛው ቤተሰቦች በሌሎች አገሮች በእንግድነት፣ በሥራ ፈቃድ፣ በአሠሪ ፈቃድ ይኖራሉ። አንድን መጤ ቤተሰብ በእርግጥ ቤት አገኘ የምንለው ለአገሩ በሚሰጠው ጥቅም ሲወደድ ሳይሆን፣ ጥቅሙ ቢቀርም የመቆየትም የመሄድም መብቱ ሲጠበቅለት ነው። የጋፋት ቤተሰቦች ንጉሣዊ ሽልማት አግኝተዋል፤ ይህን መብት ግን አላገኙም።