ኤብላና ግመሎቹ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪበያህና በአካባቢው ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ጉዳያችን በሥነ ጽሑፍ ሪያሊዝም ወይም እውናዊነት የሚባለው ነው፤ ተራውን ሰው ሳያሳምሩ፣ ከነኑሮውና ከነጭንቀቱ ማሳየት።

ለምሳሌ ሩቅ አንሄድም። ደራሲው ኑረዲን ፋራህ ያደገው እዚሁ ክልላችን ውስጥ፣ በዋቢ ሸበሌ ዳር ባለችው ቀላፎ ነው። የመጀመሪያ ልቦለዱ በ1970 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታተመ፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከጎባጣ ጎን አጥንት» ማለት ነው።

ባለታሪኳ ኤብላ ናት፤ ወላጆቿን ያጣች የኦጋዴን አርብቶ አደር ልጅ። አያቷ በግመል ተስማምቶ ለሽማግሌ ሊድራት ሲል ሌሊት ትጠፋለች። ከተማ ስትደርስ ደግሞ ዘመዷ በተራው ሊያሻሽጣት ይዋዋላል። እዚህ ላይ ነው የደራሲው ጉብዝና፦ ኤብላን ቅድስት አላደረጋትም። ትፈራለች፣ ታሰላለች፣ ትሳሳታለች። ግመል ማለብንና የሴት ልጅን ዋጋ በአንድ ዓይነት ቀላል ቋንቋ ይነግረናል፤ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል።

መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሶማልኛ በሶማሊያ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው በዚያው አቆጣጠር በ1972፣ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነውና። የኑረዲን እናት ግን በቃል የምትገጥም ባለቅኔ ነበረች።

በየመንደራችሁ እንደ ኤብላ ያለች ልጅ ታሪክ የሚያውቁ እናቶች አሉ። ወጣት ጸሐፊዎች፣ ቁጭ ብላችሁ አዳምጧቸው፤ የነገሯችሁን ሳታሳምሩ ጻፉት።

(ሙዚቃ)