የተቆረጠ መስመር ይጠገናል፤ የተዘጋውስ?

(ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እስከ ዒሻ ያለን ጊዜ አጭር ስለሆነ ቶሎ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። የማወራችሁ በየኪሳችን ስላለው ስልክ ነው። ማጥፋት የረሳ ካለ አሁን ያጥፋው፤ ባለፈው ሳምንት ሱጁድ ላይ ሳለን የጮኸውን ሁላችንም እናስታውሳለን።

እኔ የመድረሳ አስተማሪ ነኝ እንጂ የዚህ ሙያ ሰው አይደለሁም። የምነግራችሁን አብዛኛውን ያስረዱኝ የአንዲት ተማሪዬ አባት ናቸው። የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጉና የሚጠግኑ ቴክኒሻን ናቸው። ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም እንዳልጠራ ጠይቀውኛል፤ አልጠራም። ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ ቆመን ስናወራ ብዙ ቀን መሽቶብናል።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ተራ ነገር ነው። «ኔትወርክ የለም ሲባል ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው። ሳቁና «ኡስታዝ፣ ሁለት ዓይነት የለም አለ» አሉኝ። «አንዱ የተቆረጠ ነው። ኢንተርኔት የሚመጣው ከሰማይ አይደለም፤ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ ነው። ፋይበር የምንለው እሱ ነው። አገራችን ባሕር ስለሌላት መስመሩ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ወጥቶ ነው ከባሕር ሥር ካለው ገመድ ጋር የሚገናኘው። መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር መሬት ሲቆፍር ክሩን ይበጥሰዋል። ያኔ እኔ እጠራለሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ፣ ሁለቱን ጫፍ አቅልጬ እቀጥላለሁ፤ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ሁለተኛው የተዘጋ ነው። እሱ ላይ ምንም የተበጠሰ የለም። አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ትዕዛዝ ይጽፋል፤ አለቀ። የዚያን ቀን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ‹ለምን አትሠሩም?› ብሎ ይቆጣኛል። ምን ልጠግን? የተቆረጠ ይጠገናል፤ የተዘጋ ግን ጠጋኝ የለውም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ያለፉትን ዓመታት ወደ ኋላ ቆጠርኩ። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ተራዘመ፤ በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። በ2009 ለፈተናው ተብሎ ኢንተርኔቱ ራሱ ተዘጋ። ሰኔ 2011 ተዘጋ። ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ተዘግቶ ለብዙዎቻችን ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ጦርነቱ በነበረበት አብዛኛው ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም አጥታ ኖረች፤ ወንድም ወንድሙ በሕይወት መኖሩን ሳያውቅ ዓመት አለፈ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ቆዩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ የአማራ ክልል ተራ ደረሰ።

የየካቲቱን ልብ በሉልኝ። መነሻው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነበር። የኛ ጉዳይ አይደለም ብሎ ዝም ያለ ሙስሊም ካለ፣ የሱም ስልክ አብሮ ተዘግቷል። መስመሩ አንድ ነው። የክርስቲያን ጎረቤታችን ድምፅ ሲዘጋ የኛም አብሮ ይዘጋል፤ የኛ ሲዘጋም የሱ እንዲሁ።

ሦስት ሳምንት ሲባል ለአንዳንዱ ቀላል ይመስለዋል። በሰኔ 2012 የሰፈራችን አንድ አባት በድንገት አረፉ። ልጃቸው ጅዳ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከቤተሰቧ ጋር የምትገናኘው በኢሞ ነው፤ ለመደበኛ ስልክ የሚሆን ገንዘብ አልነበራትም፤ አሠሪዎቿ የፈቀዱላት ዋይፋያቸውን ብቻ ነበር። እኛ ጀናዛውን ሰግደን ቀበርን፤ ለቅሶው ተነሣ። እሷ በየማታው ስልኳን እየከፈተች «ምን አጠፋሁ? ለምን አያነሱልኝም?» ትል እንደነበር በኋላ ነገረችን። የአባቷን ሞት የሰማችው በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዬ አባት ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ በዚያ ሰሞን ደመወዜን በልቻለሁ፤ ሥራ ግን አልነበረኝም» አሉኝ።

እኔ ግን ሁሉን እሺ ብዬ አልተቀበልኳቸውም። «ወንድሜ፣ ወሬ አገር ሲያቃጥል አይተናል። መንግሥት እሳቱን ለማጥፋት ቢዘጋስ?» ብዬ ሞገትኳቸው። የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። «ኡስታዝ፣ ኢንተርኔት ሲዘጋ ወሬ አይቆምም፤ በእግሩ ይሄዳል። የሚቆመው ወሬውን ‹ውሸት ነው› የሚለው ሰው ነው። ደግሞም እውነተኛው በደል ሲፈጸም ማን ያየዋል?» አሉ። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶቻችን ሲቃጠሉ ምስሉ በስልክ ባይወጣ ኖሮ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ደሴ ያለው ሙስሊም መቼ ይሰማ ነበር? በ2004 የጁሙዓው ጥሪ ከመስጂድ መስጂድ የደረሰው በምን ነበር? በአጭር የጽሑፍ መልዕክትና በፌስቡክ አልነበረም? ይህን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የሕጉን ነገር በአጭሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምንለዋወጠው እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 29 ያለ ጣልቃ ገብነት መረጃ የመቀበልንና የማስተላለፍን ነፃነት ይሰጣል። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ስለዚህ መስመር ሲዘጋ «በየትኛው ሕግ፣ በማን ትዕዛዝ፣ እስከ መቼ?» ብሎ በሰላም መጠየቅ ከዜጋ የሚጠበቅ ነው፤ የዝርፊያም የአመፅም ጥያቄ አይደለም። የተማሪዬ አባት አንድ ጨመሩልኝ፦ የወር ፓኬጅ የገዛ ሰው የተዘጋበት ቀን ሊታሰብለት ይገባል ይላሉ። እኔም የንግድ ፊቅህ ባስተምር ያልተሰጠ ዕቃ ዋጋ አይወሰድበትም እላለሁ። ሁለተኛ ኩባንያ ሲመጣ መዘጋት ይቀራል ብዬ ተስፋ ማድረጌን ስነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ዋጋውም አገልግሎቱም ተሻሽሏል፤ የመዝጋት ትዕዛዝ ሲመጣ ግን ለሁለቱም ይመጣል አሉኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ልለፍ፤ ስለ መሰለል። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ መሰለልን ከሐሜትና ከመጥፎ ጥርጣሬ ጋር አንድ ላይ ከልክሎታል። ሱረቱን ቤታችሁ ስትገቡ ክፈቱት። ስለ ዑመር ረዲየላሁ ዐንሁ በዑለሞች መጻሕፍት የሚወሳ ታሪክ አለ፦ ሌሊት የአንድ ሰው ግቢ አጥር ላይ ወጥተው በወንጀል ላይ ሲይዙት፣ ሰውየው «እኔ አንድ ባጠፋ አንተ ሦስት አጥፍተሃል፤ ሰለልክ፣ በበሩ አልገባህም፣ ፈቃድ አልጠየቅህም» አላቸው፤ ዑመርም ተቀብለው ተመለሱ ይባላል። የሙእሚኖች መሪ ናቸው፤ ያውም የያዙት ሰው በእርግጥ ጥፋተኛ ነበር።

ዛሬ አጥር ላይ መውጣት አያስፈልግም። መቀመጫው ካናዳ የሆነው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ከ2005 ጀምሮ ባወጣቸው ተከታታይ ሪፖርቶች፣ ከውጭ ኩባንያዎች የተገዙ የስለላ ፕሮግራሞች በኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ላይ መዋላቸውን አጋልጧል። ፕሮግራሙ የሚገባው በድግምት አይደለም። ሰውየው የሚያጓጓ ፎቶ ወይም ፋይል ይላክለታል፤ እሱ ራሱ ይከፍተዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎችም በ2006 ባወጣው ዘገባ፣ የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ላይ የራሳቸው የስልክ ንግግር ቅጂ እንደቀረበባቸው ጽፏል።

«ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አልኳቸው። ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ያሉኝ ነገር አስደነገጠኝ፦ «ተራ የጽሑፍ መልዕክትና ተራ የስልክ ጥሪ በድርጅቱ ፊት ክፍት ነው፤ እንዳልታሸገ ፖስታ ቁጠሩት።» ዋትስአፕ የተጻፈውን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ቆልፎ ይወስደዋል። ቴሌግራም ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም፤ ተራው ጽሑፍ ኩባንያው ዘንድ ይቀመጣል፤ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚለውን ከፍተን የጻፍነው ብቻ ነው። ሁለት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ለመረዳት ቴክኒሻን አያስፈልግም። የተቆለፈም ቢሆን ማን ለማንና መቼ እንደደወለ አገልግሎቱን የሚሰጠው ኩባንያ ሊያውቅ ይችላል።

ቪፒኤን ሲዘጋ ሁላችንም ያወረድነው ነው። እሳቸው ግን «ቪፒኤን ማለት ደብዳቤህን ለሌላ ፖስተኛ መስጠት ነው። ፖስተኛው ማነው? በነፃ የሚያገለግልህ ለምንድነው?» ይላሉ። በየመንደሩ ልጆች በብሉቱዝ የሚቀባበሉትን አትጫኑ። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲዘጋ ደግሞ ምንም አይሠራም።

ከእናቶቻችን ብዙዎቻችሁ በቴሌብር ገንዘብ ትቀበላላችሁ። ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትንገሩ። «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ላለም፣ «ሽልማት ደርሶሻል» ላለም፣ «ለመስጂድ ግንባታ ነው» ላለም። በተለይ ለመጨረሻው።

ጊዜው እያለቀ ነው፤ ግን የራሴን ጥፋት ሳልናገር አልወርድም። አንድ ሌሊት ከፈጅር በፊት የድምፅ መልዕክት ደረሰኝ። አንድ ሰው እያለቀሰ፣ ከኛ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ መስጂድ እየተቃጠለ ነው፣ ድረሱልን ይላል። ልቤ ተቃጠለ። ምንም ሳላጣራ መድረሳችን ባለው የወላጆች ግሩፕ ላይ ላክሁት። ጠዋት ስመጣ ግማሹ ተማሪ የለም፤ እናቶች ልጆቻቸውን ቤት አስቀርተዋል። ሁለት ወጣቶች መኪና ተኮናትረው ለመሄድ ዱላ ይዘው ቆመዋል። ያ መልዕክት ለካ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ የሌላ ቦታ ነበር። ያወቅሁት በዚያች ከተማ ለሚኖር የድሮ የመድረሳ ጓደኛዬ ስደውል ነው። «እኛ ሶላት ሰግደን ቁርስ እየበላን ነው» አለኝ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ስልክ ነበር፤ ከመላኬ በፊት መደወል እችል ነበር። ወጣቶቹን በእግሬ ሄጄ ለመንኳቸው፤ አላህ ይስጣቸው ሰሙኝ።

ሰሚ ሳያጣራ እንዳያስተላልፍ የሚያዘው ስድስተኛው አንቀጽ መሰለልን ከከለከለው 12ኛው ጋር በአንድ ሱራ ውስጥ ነው። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። መንግሥትን በ12ኛው ስጠይቅ እኔ በስድስተኛው ተጠያቂ ነበርኩ። ለተማሪዬ አባት ስነግራቸው አልወቀሱኝም፤ «በዚያ ጠዋት መስመሩ ተዘግቶ ቢሆን ለጓደኛዎ በምን ይደውሉ ነበር?» ብቻ አሉኝ። መደበኛው ስልክስ ይሠራ ነበር ልል ብዬ ትግራይን አስታወስኩ።

በሉ አዛኑ ደርሷል። የፊታችን ቅዳሜ ከዐስር በኋላ እኚሁ ሰው መድረሳው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ባለ ሁለት ደረጃ መቆለፊያውን ያሳዩአችኋል። ለሴቶች በስተጀርባ ያለው ክፍል ተዘጋጅቷል። የይለፍ ቃላችሁን ግን ለሳቸውም እንዳትነግሯቸው፤ ራሳቸው ናቸው ይህን በሉ ያሉኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።