«ዝም በይ» ከመባል ወደ ጽሞና
(በማኅበራችን አጠቃላይ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «እግዚአብሔርን በጽሞና መስማት» የሚል ነው። ርእሱ ሲደርሰን መጀመሪያ ሳቅን። ከመካከላችን ጸጥታ የት እንደሚገኝ የምታውቅ አልነበረችም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ሊጥ እናያለን፣ ልጆችን ቀሰቅሰን ለትምህርት ቤት እናሰናዳለን፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ገበያ ነው። ቤታችንን ከጎረቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ስለሆነ የእነሱ ሬዲዮ የእኛም ሬዲዮ ነው። የታክሲ ረዳቱ ጩኸት እስኪመሽ አያቆምም። ስለዚህ «ጽሞና የገዳም ነው፤ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ ለሚኖሩት ለዋልድባ መነኮሳት ይሁን» አልን።

ቀጥሎ ግን አንዲት እህታችን የተናገረችው ነገር ሳቃችንን አቆመው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በይ ስባል ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ እግዚአብሔርም ዝም በይ ሊለኝ ነው?» አለች።

እውነቷን ነው። ሴት ልጅ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለች ነው የምታድገው። ባሏ ሲመታት «ቻይው» ትባላለች። ድርሻዋን ሲከለክሏት «ለሰላም ብለሽ ተይው» ትባላለች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር መለየት ነበረብን። ሰው አፋችንን ሲዘጋ የሚመጣ ዝምታ አለ። እኛው ወደን ጆሯችንን ለመክፈት የምንይዘው ዝምታም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ይህን ያስተማረችን ሐና ናት። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 እንደምናነበው፣ ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለውና ገሠጻት። ሐና ግን ዝም ብላ አልወጣችም። እንዳልሰከረች፣ ልቧ አዝኖ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች እንደሆነ በአክብሮት ነገረችው። በእግዚአብሔር ፊት ጸጥ ያለችው ሴት በሰው ፊት አፏን አልዘጋችም። እንግዲህ ጽሞና የሚባለው ሴትን ፈሪ የሚያደርግ ከሆነ የሐና ጽሞና አይደለም።

ከመካከላችን ኦርቶዶክስም፣ ካቶሊክም፣ ፕሮቴስታንትም አለን። አንዳችን ሱባኤና አርምሞ እንላለን፤ ሌላችን የጽሞና ጊዜ እንላለን። በነቢዩ ኤልያስ ታሪክ ላይ ግን ሁላችንም ተገናኘን።

በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ በምድረ በዳ አንዲት ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሞቱንም ለመነ። እግዚአብሔር ታዲያ መጀመሪያ ምን አደረገለት? አስተኛው። ቀጥሎ መልአክ ልኮ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ትምህርቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ስናነብ አንዳንዶቻችን አለቀስን። የደከመች ሴት በጸሎት መካከል እንቅልፍ ሲጥላት እግዚአብሔር አይቆጣም ማለት ነው።

ኤልያስ በዚያ ምግብ ብርታት 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። በዚያም ብርቱ ነፋስ መጣ፣ ምድር ተናወጠች፣ እሳትም ነደደ፤ እግዚአብሔር ግን በእነዚህ ውስጥ አልነበረም። ከእሳቱ በኋላ ትንሽ የዝምታ ድምፅ ተሰማ። ኤልያስ «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» እያለ ያማርር ነበር። በዚያ ጸጥታ የሰማው መልስ ግን ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነው። ደግሞም ተመለስ፣ ሥራ አለህ፣ ኤልሳዕን ቀባው ተባለ። ጸጥታው ከሰው አልነጠለውም፤ ብቻውን እንዳልሆነ አሳይቶ ወደ ሰው መለሰው።

ይህ በእኛም ቤት ደርሷል። አንዲት አባላችን 6,000 ብር ተበድራ ለአራት ሳምንት ከስብሰባ ቀረች። ቁጠባ የለም፣ የብድር ክፍያ የለም፣ ስልክም አታነሣም። በአራተኛው ሳምንት ስብሰባው ጋለ። «ደንቡ ይሠራባት!» «ዋሶቿ ይክፈሉ!» ተባለ። በዕድሜ የምትበልጠን እናታችን ግን «ልጆቼ፣ ስብሰባውን በጸሎት ከፈትን፤ መልሱን ሳንጠብቅ ግን ጭቅጭቅ ጀመርን። እስቲ አምስት ደቂቃ ዝም እንበል» አለችን።

ዝም አልን። የመጀመሪያው ደቂቃ ከበደ። አንዷ ታስላለች፣ ሌላዋ ሰዓት ታያለች። ከዚያ ቀስ እያለ ረጋ። አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ሒሳብ ያዣችን እንዲህ አለች፦ «መጨረሻ የመጣች ዕለት አጠገቤ ቆማ ነበር። ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር ነበር። እኔ ግን ብር እቆጥር ነበርና ቀና ብዬ አላየኋትም።» ሌላዋ ቀጠለች፦ «እኔም መንገድ ላይ አግኝቻት ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጉንፋን ነው አለችኝ፤ አምኜ አለፍኩ።» ከሰማይ ድምፅ አልመጣም። የሰማነው ቀድሞ ተነግሮን ያላዳመጥነውን ነው።

በማግስቱ ሦስታችን ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን፤ ስለ ብድሩ ላንጠይቅ ተስማምተን ነበር። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል። እሳቸውን ትታ እንጀራ መጋገር አልቻለችም፤ ምጣዱ ቀዝቅዟል። የሥራ ማስኬጃው ብር ለመድኃኒት አልቋል። ስልኩን የዘጋችው ከኀፍረት ነው። «እኔ ብቻ የወደቅሁ መስሎኝ ነበር» አለችን። ከኤልያስ አፍ የወጣውን ቃል ነበር የሰማነው።

ብድሩን አራዘምንላት። በሳምንት ሁለት ጠዋት ተራ ገብተን እናቷን አስታመምን፤ እሷም መጋገር ጀመረች። እናቷ ከጥቂት ወራት በኋላ አረፉ፤ አብረን ቀበርናቸው። ከብድሩ ዛሬ የቀረው 1,500 ብር ነው። ደጋፊዎቻችን፣ በምንልክላችሁ የሪፖርት ሠንጠረዥ ላይ የብድሩን ቁጥር ታገኙታላችሁ፤ የዚያን አምስት ደቂቃ ግን የምንጽፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ በቃል ነገርናችሁ።

ሁልጊዜ ግን ደህና አንሰማም። አንድ ጊዜ በጋራ በርበሬ ገዝተን አትርፈን ለመሸጥ አሰብን። ጸለይን፣ ዝም አልን፣ ልባችን ደስ ሲለው «ከእግዚአብሔር ነው» ብለን ገዛን። አንዲት አባላችን በርበሬው ገና እርጥበት እንዳለው በእጇ ዳስሳ አውቃ ነበር። «ሁሉም ከእግዚአብሔር ሰምተዋል፤ እኔ ማን ነኝ?» ብላ ዋጠችው። በርበሬው ሻገተ፤ 9,000 ብር ከሰርን። የራሳችንን ጉጉት የእግዚአብሔር ድምፅ ብለን ጠራነው፤ በዚያም ስም አንዲት እህታችንን ዝም አሰኘናት።

የሐና ልጅ ሳሙኤልም እግዚአብሔር በሌሊት ሲጠራው ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ወደ ዔሊ ሮጧል። የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተዋለለት ዔሊ ነው። ነቢይም እንኳ የመስማት ትምህርቱን ሲጀምር አጠገቡ ሌላ ሰው አስፈልጎታል። ከዚያ ኪሳራ ወዲህ ደንብ አለን፦ ከጸጥታው በኋላ ሁሉም በተራ ይናገራል፤ መጀመሪያ የምትናገረውም ብዙ ጊዜ የማትናገረዋ ናት።

በየቤታችንስ? ገዳም መሄድ ላልቻልን ለእኛ ምጣዱ አስተምሮናል። ሊጡን ካሰፋን በኋላ አክንባሎውን ከድነን እንጠብቃለን። ቶሎ ቶሎ እየከፈተች የምታይ እንጀራዋን ታበላሻለች። ሥራው የሚሠራው ተከድኖ ነው። ስለዚህ ጠዋት ምጣዱ እስኪግል ድረስ ስልካችንን አጥፍተን እንቀመጣለን። ልመናውን ለጊዜው እናቆያለን። የቤት ኪራይ ሐሳብ ሲመጣ አንታገለውም፣ አንከተለውምም፤ «ጌታ ሆይ፣ ይኸው» ብለን እናስረክባለን። በዚያ ቀን ማንን ሳንሰማ እንዳለፍን አስታውሰን፣ ሳይመሽ ሄደን እንጠይቃታለን።

አንዳንድ ቀን ምንም አይሰማም። የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ ነው። ያም ቀን የባከነ አይመስለንም፤ ቢያንስ ቁጭ ብለን ጠብቀናል።

አሁን ከመለያየታችን በፊት፣ ከፈቀዳችሁ፣ አምስት ደቂቃ አብረን ዝም እንበል። ከዚያ በኋላ ከኋላ የተቀመጣችሁት እህቶች ትጀምሩልናላችሁ።