የፀሐይ ብርሃንና የተበከለ ውኃ
(በዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ለሥራ ኃላፊዎችና ለዕርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



በድርቅ የተጎዳ ወገን ከቀዬው ተፈናቅሎ መጠለያ ሲገባ ከእህል እኩል የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ ነው። በ1977 ዓ.ም. በየመጠለያው ተቅማጥና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች በረኃቡ ላይ ተደርበው ብዙ ሕይወት ማጥፋታቸው አይዘነጋም። በከተማ አካባቢ ደግሞ ከበሽታ ተህዋስያን ሌላ የፋብሪካ ኬሚካል አለ። በምዕራብ አዲስ አበባ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይፈስሳል፤ በዳርቻውም በዚሁ ውኃ አትክልት ይለማል።

ይህን መሰሉን ብክለት ለማስወገድ ከሚጠኑት ዘዴዎች አንዱ ፎቶካታሊስት፣ ማለትም በብርሃን ኃይል የሚሠራ አቀላጣፊ ነው። ዋነኛው ለነጭ ቀለም መሥሪያ የሚያገለግለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ሊቃውንት በ1964 ዓ.ም. ውኃን በብርሃን አማካይነት መከፋፈል እንደሚቻል በዚሁ ንጥረ ነገር አሳይተዋል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሣሉ፤ ከውኃና ከኦክሲጅን ጋር ተገናኝተው የሚፈጠሩት ኃይለኛ ቅንጣቶችም የጨርቅ ማቅለሚያንና የፀረ ተባይ መድኃኒትን ይሰባብራሉ። ሆኖም የሚጠቀመው ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ የሆነውን አልትራቫዮሌት ብቻ ነው፤ የተነሡት ኤሌክትሮኖችም ፈጥነው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ጥምር ፎቶካታሊስት የተፈለገው ስለዚህ ነው። ለምሳሌ ከካርቦን ናይትራይድ ጋር ሲጣመር በዓይን የሚታየውንም ብርሃን ይጠቀማል፤ የኤሌክትሮኖቹም መመለስ ይዘገያል።

ዳሩ ግን ዘዴው ለሁሉም ብክለት መድኃኒት አይደለም። ድፍርስ ውኃ ብርሃንን ይከለክላል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም ብረት በመሆኑ ተሰባብሮ አይጠፋም። ዱቄቱም ከውኃው ተለይቶ መውጣት አለበት። በአንጻሩ ጥርት ያለ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ 6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ተህዋስያኑ ይሞታሉ፤ ኬሚካሉ ግን እንዳለ ይቀራል።

ስለሆነም ማናቸውም የማጣሪያ መሣሪያ ከመገዛቱ፣ ሕዝብም በአንድ ቦታ ከመስፈሩ አስቀድሞ ውኃው የያዘው ተህዋስያን፣ ማቅለሚያ ወይስ ብረት መሆኑ በምርመራ ይለይ። ለመጠለያ ውኃ ማፍላትና ክሎሪን ዛሬም ቀዳሚዎች ናቸው። የፋብሪካ ማቅለሚያ ግን ወንዝ ገብቶ ከመበተኑ በፊት እዚያው ፋብሪካው በር ላይ ሊጣራ ይገባል፤ የአዲሱ ዘዴ ተገቢ ቦታም ይኸው ነው። ውኃው ሳይመረመር ሕዝብ ማስፈር ከድርቅ ያመለጠውን ወገን ለሌላ አደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።