«እሺ ዶክተር»

ስለ ሆስፒታል እንዳወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ጎልማሶች ትምህርት ነው የማወራው። ምክንያቱን አንዲት እናት ታስረዳልኝ።

ምዕራብ ጎጃም ስሠራ፣ ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ አንዲት የእኔ እኩያ እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የሚጥል በሽታ ነው። ፌኖባርቢታል አዘዝኩለት። «በየቀኑ ማታ ማታ አንድ ፍሬ፤ እንዳታቋርጪ» አልኳት። «እሺ ዶክተር» አለች። ከረጢቱም ላይ ተጽፎላታል። ወረፋው ረጅም ስለነበር ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ክንዱ ተቃጥሎ ተመለሰ። ምድጃ አጠገብ እንዳለ ጥሎት ነው። ኪኒኑ ከግማሽ በላይ አልተነካም። ተቆጣሁ። እሷ አንገቷን ደፍታ፣ «ዶክተር፣ በጣለው ቀን ሰጥቼዋለሁ፤ ደህና በዋለበት ቀን ምን ብዬ ላውጠው?» አለችኝ። ለካ ማንበብ አትችልም። እኔም አልጠየቅኳትም። «እሺ» ማለቷን እንደገባት ቆጠርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ያን ቀን ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጸበል በገቡበት ሰሞን ኪኒኑን ጨርሶ አቁማለች፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም መስሏታል። የሰፈሩ ልጆች ከልጇ ጋር አይበሉም። እሷም በእኔ ኃጢአት ነው እያለች ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ለመታከሚያ ብላ መሬቷን አከራይታለች፤ ለአንድ ዓመት ነው ብላ በአውራ ጣቷ የፈረመችው ወረቀት የአምስት ዓመት ሆኖ ተገኘ።

እስቲ አስቡት። ለአንድ ልጅ መዳን እናቲቱ አራት ነገር ያስፈልጋት ነበር፤ ንባብ፣ የሥነ ልቦና እውቀት፣ የሃይማኖት አባቶች ምክርና የመሬት ሕግ። እኔ የተዘጋጀሁት ለኪኒኑ ብቻ ነበር።

ከንባብ ልጀምር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት የአገር ቋንቋዎች ተነስቶ 15 ደርሷል፤ ከዩኔስኮም ተሸልሟል። ብዙ እናቶችና አባቶች ፊደል የቆጠሩት በዚያ ነው። ነገር ግን ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካጣ ይረሳዋል። በኋላ የመጣው የሁለት ዓመቱ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባብን ከኑሮ ጋር ለማያያዝ የታሰበው ለዚህ ነው። መማሪያው ቤት ውስጥ ያለው ወረቀት ይሁን እላለሁ፤ የመድኃኒት ከረጢት፣ የክትባት ካርድ፣ የመሬት ደብተር።

የመሬት ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በክልላችን የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ። መሬት እንደማይሸጥ፣ ግን እንደሚከራይ ሕጉ ይናገራል። የራሷ ፎቶ ያለበትን ደብተር ማንበብ የማትችል ሴት ግን መብቷን በሰው አፍ ነው የምትሰማው። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይዛ እየሰፋች ነው፤ ፍኖተ ሰላምም እንደዚሁ። ከተማ ሲሰፋ ካሳ፣ ሊዝ፣ የቤት ውል ይመጣል። ገበሬው ከመፈረሙ በፊት ሊማረው ይገባል።

ሥነ ልቦና ስንል ሰው ወዲያው እብደት ይመስለዋል። እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው። ልጅ ሲጥለው ዛሬም ክብሪት ጭረው የሚያሸቱት አሉ፤ ይተላለፋል ብለው የሚሸሹትም አሉ። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ከእሳት አርቆ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ እስኪነቃ አጠገቡ መቆየት፤ ይህን ለማስተማር አንድ ምሽት ይበቃል። የእናትን ጭንቀት ለመስማት ግን ከአንድ በላይ ምሽት ያስፈልጋል።

ሃይማኖት ላይ እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እናፍራለን ወይ እንቆጣለን። ጎጃም እኮ የዋሸራ ቅኔ አገር ነው፤ ዓይነ ስውሯ እሜቴ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ያስተማሩበት ምድር ነው። ትምህርትን የሚያከብር ሕዝብ ነው። ያቺ እናት ኪኒኑን በትክክል የጀመረችው እኔ ስለተቆጣሁ አይደለም። የንስሐ አባቷን አስጠርቼ አነጋገርኳቸው፤ እሳቸውም «በጸበሉ ይዋጠው» አሏት። በቃ። ቄሱም ሼሁም ለእነዚህ ትምህርቶች ተጋባዥ ሳይሆኑ መምህር ይሁኑ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ቡሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት። ክፍሎቹ ማታና እሑድ እንዲከፈቱልን አብረን እንጠይቅ። ፈተና የለው፣ ምዝገባው በነጻ ይሁን። መምህሮቻችን አጭር መማሪያ አዘጋጁልን፤ እኛ ተመራቂዎች በወር አንድ ምሽት እንስጥ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ስንት ልጅ ከትምህርት እንደቀረ ታውቃላችሁ። እነዚህ ልጆች ነገ ጎልማሶች ናቸው። ስለዚህ ሰላም ባለበት ቦታ አሁኑኑ እንጀምር።

እኛ ጎንደር የተማርን፣ ቤታችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ባለሙያ ለገጠሩ እንዲያወጣ እንደነበር አንርሳ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የቆየውን መቀጠል ነው።

ልጁ አሁን ደህና ነው። እናቱ ከረጢቱ ላይ ጨረቃ እንድስልላት ጠየቀችኝ፤ ጨረቃ ማለት ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው እስላለሁ። ግን ጨረቃው ለጊዜው ነው። እኔ የምመኘው፣ አንድ ቀን ከረጢቱን ተቀብላ «ማታ» የሚለውን ራሷ አንብባ፣ «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» ስትለኝ ለመስማት ነው።